አረንጓዴ አለላ የታሰረባት ሽቦ

ሽቦዋን የቆረጥኳት አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐጂ ለጁምዓ ሰላት ከሄዱ ቆይተዋል። ፀሐይ በጭነት መኪናው የፊት መስታወት ገብታ ጉልበቴ ላይ አርፋለች። ፒንሳውን ስጨምቀው ቀጭን "ጠቅ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በቃ። የተቆረጠውን ጫፍ በጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ሸፈንኩ፤ ቱቦውን በክብሪት አሙቄ ሽቦው ላይ አጣበቅኩት፤ ከዚያም "አገልግሎት የማይሰጥ" ብዬ የጻፍኩበትን ትንሽ ወረቀት ለጠፍኩበት። ጽሑፌ ያምራል ይሉኛል። ስለዚያ ቀን ባሰብኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ያማረ ጽሑፍ ነው።

ሐጂ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ናቸው። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ወደ ሐኪም ጋራ በሚወጣው ዳገት ዳር አንድ አሮጌ ኮንቴይነር አላቸው፤ ሱቃቸውም መጋዘናቸውም እሱ ነው። የጭነት መኪኖች ጀጎል ውስጥ መግባት ስለማይችሉ ዳገቱ ላይ እንደተደረደሩ እዚያው ይሠራሉ። ሐጂ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ቁርአን ይቀራሉ፣ ቤታቸው ውስጥ በራሳቸው ቋንቋ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከገበያው ሰው ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አያነቡም።

እኔ እሳቸው ጋ የገባሁት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ አንድ ዓመት ተኩል ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ቤታችን አቦከር ነው። ማመልከቻ እያስገባሁ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፄ አልወጣ እያለኝ ስመለስ አባቴን ሰለቸው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ጠዋት ይዞኝ ሄደ።

"ሐጂ፣ ይቺ ልጅ ቤት ተቀምጣ ልትሻግትብኝ ነው። እርስዎ ጋ ትዋልልኝ" አላቸው።

ሐጂ ፊቴን አላዩም። ያዩት እጄን ነው።

"ጣቷ ቀጭን ነው፤ ክሩስኮቶ ሥር ይገባል። ትዋል" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ትናገሪያለሽ ወይስ አትናገሪም?" አሉኝ።

"እናገራለሁ" አልኩ፤ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

"ምን አለች?" ብለው አባቴን ጠየቁት።

መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የሽቦው ነገር ሥርዓት አለው። ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቱ የሚጨምርበት፤ የጭጋግ መብራት፣ ሁለተኛ ጥሩንባ፣ ቴፕ፣ ጋቢና ውስጥ የሚሽከረከር ፋን፣ ጣሪያው ላይ የሚደረደር ባለቀለም አምፖል። እያንዳንዱ የራሱ ሽቦ አለው፤ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጎትተው ደግሞ ሪሌይ ይፈልጋል። ሪሌይ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን ናት፤ ሹፌሩ ቀጭኗን ማብሪያ ሲጫን እሷ ውስጥ ያለው ብረት ይሳብና ትልቁን ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች። ዓመታት ሲያልፉ፣ አንዱ ሠሪ የዘረጋው ላይ ሌላው ሲቀጥል፣ ከክሩስኮቶው ሥር፣ ማለትም ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ ጀርባ፣ የሚገኘው ነገር ሁሉ ሳይበጠር የከረመ ፀጉር ይመስላል።

ሐጂ ይህን የሚለዩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ባለቤታቸው ስፌት ይሰፋሉ። ከሙዳይ የተረፈውን ቀለም የገባ አለላ ሐጂ በሸሚዛቸው ኪስ ይዘው ይመጣሉ። ሽቦ በዘረጉ ቁጥር አንዷን ዘለላ ውኃ ያስነኩና ሽቦው ጫፍ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥመው ይቋጥሯታል። ቀይ ከሆነ የመብራት ነው፣ ቢጫ የጥሩንባ፣ ሐምራዊ የቴፕና የፋን። በመጀመሪያው ሳምንት አስጠግተው አሳይተውኛል።

"ኤሌክትሪክ የማያልፍበት ሽቦ ላይ አለላ አላስርም" አሉኝ። "አለላ ካየሽ ሕያው ነው። ካልገባሽ እኔን ጠይቂ፤ እኔ ከሌለሁ ሹፌሩን ጠይቂ። መጠየቅ አያሳፍርም፣ ወላሂ።"

እሺ አልኩ። በልቤ ግን አፈርኩላቸው። አምስት ዓመት የተማርኩት ንድፍ መሳል፣ ቁጥር መስጠት፣ መለያ መለጠፍ ነበር። ከስፌት የተረፈ ሣር ሽቦ ላይ ማሰር የማይሆን ነገር መስሎ ታየኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የማልናገረው ነገር ሁሉ ግን ከእጄ ይወጣል፤ ይህም ወጣ።

መኪናው ከሶፊና ከኤረር በኩል ፍራፍሬና አትክልት እየጫነ ኤረር በር ገበያ የሚያራግፍ ነው። ባለቤቱም ሹፌሩም አንድ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ ሰው ሳይተርብ ውሎ አያድርም። መኪናውን ገበያው ሁሉ የሚያውቀው በድምፁ ነበር። ማርሹን ወደ ኋላ ሲያስገባ ከኋላ የተገጠመች ትንሽ ድምፅ ማጉያ እንደ ወፍ ትንጫጫለች። ከብዙ ዓመት በፊት የገጠሙለት ሐጂ ናቸው። መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡት ሴቶች ድምፁን ሲሰሙ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ፤ "ወፏ መጣች" ይላሉ። እኔም ከእናቴ ጋር ገበያ ስሄድ ሰምቻታለሁ። ከየትኛው ሽቦ እንደምትነሳ ግን አስቤ አላውቅም።

ያን አርብ ጠዋት ሹፌሩ ፊውዝ እየተቃጠለበት መጣ። ሐጂ ምክንያቱን ወዲያው አገኙት፤ ልጣጩ ተልጦ ብረት የነካ የጭጋግ መብራት ሽቦ ነበር። ከዚያ ከክሩስኮቶው ሥር አንገታቸውን አስገብተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሁሉም ይስተካከል" አሉ። "እሷ ትሠራዋለች። እኔ ጁምዓ አለኝ፣ ከዚያም ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ።"

ብቻዬን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ሹፌሩ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርጎ አቁሞት ነበር። ከጋቢናው ሲወርድ ጣቱን ቀሰረብኝ።

"ኢንጂነር፣ ማርሿን እንዳትነኪያት አቦ። የእጅ ፍሬኑ አይታመንም። የያዛት ማርሹና ድንጋዩ ነው።"

"እሺ" አልኩ።

"ቀስ ብለሽ ተናገሪ እንጂ፣ ሽቦዎቹ ይደነግጣሉ!" ብሎ ሳቀና ሄደ። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ያለች ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ለጫት ተሰብስበው ነበር።

ሥራውን ወደድኩት። ይህም መባል አለበት። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየፈታሁ፣ እየጠረግሁ፣ በዓይነት በዓይነታቸው አሰርኳቸው። አምስቱን ሪሌይ አንዲት ጣውላ ላይ በመስመር ደረደርኩ፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን ፊውዝ ሰጠሁ። አለላውን እየቆረጥኩ ፌስታል ውስጥ ጣልኩና በምትኩ ወረቀት ለጠፍኩ። አንገቴ ደነዘዘ፣ ግን ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅኩም። ማንም አያየኝም፣ ማንም አይጠይቀኝም፤ እኔና ሽቦው ብቻ ነን።

መጨረሻ ላይ አንዲት ሽቦ ቀረች። አረንጓዴ አለላ ታስሮባታል። አረንጓዴ እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም ነበር። ቴስተሩን አስነካሁባት፤ አምፖሉ አይበራም። ቁልፉን ከፈትኩ፤ አይበራም። መብራቱን፣ ጥሩንባውን፣ ፍሬቻውን፣ ፋኑን አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ፍሬኑንም በእጄ ተጭኜ አየሁ። የለም።

ማርሹ ትዝ ብሎኛል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከሞከርኩት ሁሉ የቀረው እሱ ብቻ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አለላ ያለበት ሽቦ ሕያው ነው መባሌንም አልረሳሁትም። ከመኪናው ወርጄ ወደ ሻይ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ስድስት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። መጋረጃው ተጋርዷል። ከውስጥ ሹፌሩ የሆነ ነገር ያወራል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። "ይቅርታ፣ አንዴ መጥተህ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባልኝ" ማለት ነው ያለብኝ። ይህችን በልቤ ሦስት ጊዜ ደጋገምኳት። መጋረጃው ሲገለጥ ስድስት ወንድ ዞሮ ሲያየኝ ታየኝ፤ "ኢንጂነሯ ሽቦ ጠፋባት" የሚለው ተረብም ከወዲሁ ተሰማኝ። ጫማዎቹን ቆጠርኩ፤ እንደገና ቆጠርኩ። ተመለስኩ።

ሐጂ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ለቅሶ ቤት ናቸው ብዬ መልሼ ከተትኩት። እውነቱ ግን ለቅሶው አይደለም፤ ስለ ሣራቸው መጠየቅ ነው የከበደኝ። ቴስተሩ አይዋሽም ብዬ ፒንሳውን አነሳሁ።

ሥራውን ስጨርስ ፎቶ አነሳሁት። ከመጀመሬ በፊትም አንስቼ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አብረውኝ ለተማሩት የቴሌግራም ቡድን ላክሁ። "አቤት ንጽሕና!"፣ "ይቺ ናት ልጃችን!" አሉኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጄን አውጥቼ ለማላውቀው ለእኔ ብዙ ነበር።

ሐጂ አመሻሹ ላይ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ መጡ። ጣታቸውን በታሰሩት ሽቦዎች ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉ።

"ማሻአላህ። እንደ ስፌት ነው" አሉ። "አለላዎቹስ?"

"በወረቀት ተካኋቸው።"

"ሁሉም ይሠራል?"

"ሁሉም ይሠራል" አልኩ።

ያን ቀን ጮክ ብዬ የተናገርኩት ይህንን ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወሬው ኮንቴይነራችን ድረስ መጣ፤ ያመጣችው የሻይ ቤቷ ሴት ናት። መኪናው ኤረር በር ላይ ወደ ኋላ ሲሄድ ከሶፊ ዘይቱና አምጥታ የምትሸጥ አንዲት ሴት እግር ላይ ወጥቷል። ሴትየዋ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ዘይቱናዋን እየደረደረች ነበር። ሰው ሲጮህ ነው ዞር ያለችው። የኋላው ጎማ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያለውን ረግጦታል። ሆስፒታል ተወስዳለች።

"ወፏ አልጮኸችም አሉ" አለች የሻይ ቤቷ ሴት። "ሹፌሩም ራሱን ይዞ 'ምነው ዝም አለች፣ ምነው ዝም አለች' ይላል። ለካስ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብላ ነበር፤ እሱ ቴፑን ከፍቶ አላስተዋለም።"

ሐጂ "ያ ረቢ" ብለው ተቀመጡ። እኔ ወደ ኮንቴይነሩ ጓዳ ገባሁና ስልኬን አወጣሁ። ቀድሞ ያነሳሁትን ፎቶ በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ከጥልፍልፉ መሐል አረንጓዴ አለላ የታሰረባት ሽቦ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከእሷ ሥር ደግሞ፣ ፎቶውን ባነሳሁ ጊዜ ያላየሁት ነገር ነበር፤ ሽቦዋ የተቀጠለችው የማርሹን ዘንግ ተከትሎ ከሚመጣው የፋብሪካ ሽቦ ላይ ነው። ፎቶውን ከቡድኑ ላይ አጠፋሁ። በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ማጥፋት መሆኑን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

በሦስተኛው ቀን መኪናው ከትራፊክ ፖሊስ ተለቆ መጣ። ሹፌሩ፣ የሴትየዋ ወንድምና ሦስት ሽማግሌዎች አብረው መጡ። ሹፌሩ ያን ቀን አልተረበም።

"ሐጂ፣ አርብ እርስዎ ቤት ነው የተሠራው። እስቲ ይዩት" ብቻ አለ።

ሐጂ ጋቢናው ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለሉ። የእጅ ባትሪውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸው ላይ ሞራ መውጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ ስለዚህ በጣታቸው ነው የሚያዩት። ከሪሌዮቹ ተነስተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ጣታቸው ያቺ ጥቁር ቱቦ ያለችበት ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቱቦዋን በአውራ ጣታቸው አሻሹዋት። የለጠፍኩትን ወረቀት ዳሰሱት። ባትሪው እጄ ውስጥ መወዛወዙን አስታውሳለሁ፤ ብርሃኑ እጃቸው ላይ ሲዋልል ሐጂ "ቀጥ አድርገሽ ያዥ" አሉኝ።

ወርደው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

"ሥራው ከእኔ ቤት የወጣ ነው" አሉ። "አንዲት ሽቦ ተቆርጣለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አፉ በሉኝ።"

የሴትየዋ ወንድም ረጅም ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ አያቸው።

"አባቴ፣ ዓይንህ ደህና ነው?"

"እንደ ድሮው አይደለም" አሉ ሐጂ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ከእነሱ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ ያልጠፋ ባትሪ በእጄ ይዤ ቆሜአለሁ። አንዱ ሽማግሌ "ልጄ፣ ባትሪው ይለቅብሻል" አለኝ። አጠፋሁት። ሐጂ ሽቦዋን አገኙ እንጂ ማን እንደቆረጣት አላወቁም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሳቸው ራሳቸው የረሱት የቆየ ነገር መስሏቸው ይሆናል ብዬም አሰብኩ። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት የሚለጥፍ ሰው ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ቀስ ብሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን አስታረቁ። ሹፌሩ ወፏን ደግሜ መስማት አልፈልግም ስላለ ሽቦዋ እንደተቆረጠች ቀረች፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ወርዶ እየጮኸ ሰው ያስነሳለታል። ሐጂ በየሳምንቱ ሆስፒታል፣ ኋላም ሶፊ ድረስ እየሄዱ ሴትየዋን ይጠይቁ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልሄድኩም። ሹፌሮች ግን ማውራት ጀመሩ። የሐጂ ዓይን ጠፍቷል፤ ሐጂ ሽቦ ከሽቦ አይለዩም፤ ልጅቷ ከጨረሰች በኋላ እጃቸውን አስገብተው ቆረጡት። አንዱ ሹፌር፣ ሐጂ በር ላይ ቆመው እየሰሙ፣ "እኔ መኪናዬን ለእውር አልሰጥም" አለ። ሐጂ የሰሙ አልመሰሉም፤ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን አለላ በጣታቸው ሲያፍተለትሉ ግን አየሁ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው መኪኖቹ አለመቅረታቸው ነው። እኔ ጋ መምጣት ጀመሩ።

"ኢንጂነሯ ትሥራልን" ይላሉ፤ "ሐጂ ብቻ አይንኩብን።"

ያ መኪና ወደቆመበት እየሄዱ የደረደርኳቸውን ሪሌዮች ያዩ ነበር። "አየህ እንዴት እንደ መጽሐፍ እንዳደረገችው! ለሷ ትተውላት ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት እግሯ ባልተሰበረ" ይባባላሉ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ካቻቢቴዬን አንስቼ ሥራዬን ቀጥያለሁ። ስሜ ከፍ ያለው በእሳቸው ስም ላይ ቆሞ ነው። ሐጂ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ይመጣሉ፣ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ መሣሪያ ያቀብሉኛል። ሃምሳ ዓመት የሠራ ሰው ለእኔ ፒንሳ ያቀብላል። ሲያቀብሉኝ ዓይናቸውን አላይም። አንዳንድ ቀን ልናገር ተዘጋጅቼ እመጣለሁ፤ ቃሉን ከአቦከር እስከ ኮንቴይነሩ በልቤ እየደጋገምኩ። ስደርስ ሰው ይኖራል፤ ሰው ከሌለ ደግሞ ሐጂ ደህና የዋሉበት ቀን ይሆናል፤ ነገ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ወር አለፈ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሐጂ የኮንቴይነሩን ቁልፍ ከሸሚዛቸው ኪስ አወጡ። አራት አምስት ሹፌሮች መኪና ሊያሠሩ ቆመዋል። ያ ሹፌርም ነበረ።

"ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ እሷ ጋ ነው" አሉ። "እኔ ቤቴ ልቀመጥ። በቂዬን ሠርቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ደግ አደረጉ" አለ አንዱ። ሹፌሩ ደግሞ፣ ነገሩን ሊያቀለው ፈልጎ ይመስለኛል፣ "ኢንጂነር፣ እንግዲህ ጮክ ማለት ልመጂ! ባለሱቅ ሆነሻል" አለኝ።

ሐጂ ቁልፉን ዘረጉልኝ። እጄን አልዘረጋሁም።

"እኔ ነኝ የቆረጥኳት" አልኩ።

በዚያው ቅጽበት ከዳገቱ ግርጌ አንድ መኪና ሞተር አስነሳ። ማንም አልሰማኝም። ሹፌሩ "ምን?" ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ሦስት ወር የጠበቀች ቃል አንዴ ወጥታ ጠፋች፤ እንደገና ማውጣት ነበረብኝ። ከመጀመሪያው የከበደኝ ሁለተኛው ነው፤ አሁን ሁሉም ያየኛል።

"ሽቦዋን የቆረጥኳት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። "የወፏን። አርብ ዕለት። ሐጂ አልነኩትም። አለላ ነበረባት፣ አይቻለሁ። ማርሹን አልሞከርኩትም። ልጠራህ መጥቼ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ።"

"የትኛው በር ላይ?" አለ ሹፌሩ።

"ከሻይ ቤቱ ጀርባ። ጫማችሁን ቆጥሬ ተመለስኩ።"

ተረብ ጠበቅኩ። አልተረበም። ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

"ሦስት ወር" አለ። "ሦስት ወር ሙሉ እኚህን ሽማግሌ እውር ስል አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ?"

"አዎ።"

"ወላሂ፣ ብትጠሪኝ እኮ እመጣ ነበር። ምን ነበረበት? አቦ፣ ምን ነበረበት?" ድምፁ ከቁጣ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ መልሼ ላየው አልቻልኩም። "እኔ እኮ ነኝ እግሯ ላይ የወጣሁት" አለና ወደ መኪናው ሄደ።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። ሐጂ ቁልፉን እንደያዙ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"እጄ አይቶታል።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ከቤቴ የወጣ ሥራ የእኔ ነው። ለሰው የምለው ይኼን ነው። ለአንቺ የምለው ሌላ ነው።" ቁልፉን በመዳፋቸው አገላበጡት። "ነገ ትናገራለች እል ነበር። ጠዋት ስትመጪ ፊትሽን አያለሁ፤ ዛሬ ነው እላለሁ። ብዙ ቆየሽብኝ፣ ልጄ።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ያን ቀን ምሳቸውን ለብቻቸው በሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው።

በማግስቱ ሹፌሩ መኪናውን አምጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ጠበቀ። ሐጂ ለጁምዓ ከመሄዳቸው በፊት ነው። ወረቀቱን ላጥኩት፣ ጥቁሯን ቱቦ ቀድጄ ሽቦዋን ቀጠልኳት። ፌስታሉን ከጓዳ አወጣሁ፤ አለላዎቹን እስከዚያ ቀን አልጣልኳቸውም ነበር። አረንጓዴዋን ስፈልጋት ደርቃ ተሰባብራ አገኘኋት። ሐጂ ከኪሳቸው አዲስ ዘለላ አውጥተው ሰጡኝ። ውኃ አስነክቼ ሦስት ጊዜ ጠመጠምኩ። ቋጠሮው አልሆን አለኝ፤ ፈትተው ደግመው አሳዩኝ።

"ማርሹን ወደ ኋላ አስገባልኝ" አልኩት ሹፌሩን። የሰማኝ ለመሆኑ እርግጠኛ ለመሆን ደገምኩለት።

አስገባ። ወፏ ጮኸች።

በሳምንቱ ብቻዬን ኤረር በር ሄድኩ። ሴትየዋ ወደ ገበያ ተመልሳለች። ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ቀጥ አድርጋ ዘርግታለች፤ ዱላዋ ከዘይቱናው ሣህን አጠገብ ተጋድሟል። ፊቷ ቁጢጥ አልኩና ነገርኳት። ኦሮምኛዬ ደካማ ነው፤ በአማርኛ ጀምሬ እየተደናቀፍኩ በኦሮምኛ ጨረስኩ። ሁሉንም አዳምጣኝ ስታበቃ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ያ ሽማግሌ ሁልጊዜ እየመጣ አፉ በይኝ ይለኝ ነበር" አለች። "እኔም አፉ ብዬዋለሁ። ለእሱ የሰጠሁትን አሁን ላንቺ ከየት አመጣለሁ፣ ኢንታላ?"

ኢንታላ ማለት ልጅት ማለት ነው፤ በገበያው ሴት ልጅን ሁሉ እንዲህ ይላሉ። ተቀመጥኩ። አትቀመጪ አላለችኝም።

አሁንም ሐጂ ጋ ነው የምሠራው። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው። ከሹፌሮቹ ገሚሱ ተመልሰዋል፤ ገሚሱ ከሁለታችንም ቀርተዋል። ሐጂ ይዳስሳሉ፣ እኔ አያለሁ፤ ወረቀቱንም አለላውንም አብረን እናስራለን። በወር አንድ ሁለቴ ዘይቱና ለመግዛት ኤረር በር እሄዳለሁ፤ ሴትየዋም እንደማንኛውም ገዢ ትሸጥልኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ቆሜ ሳለሁ መኪናው መጣ። ማርሹ ሲገባ ወፏ መንጫጫት ጀመረች። ሌሎቹ ሴቶች ወሬአቸውን ሳያቋርጡ ዕቃቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። እሷ ግን ወሬዋን አቋረጠች። በሁለት እጇ የተዘረጋውን እግሯን አንስታ ወደ መቀመጫዋ አስጠጋች፤ ከዚያ ከወገቧ ዞራ፣ መኪናው ቆሞ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ፣ ዓይኗን ከኋላ ጎማው ላይ አላነሳችም።